ከሂርና እስከ ማዳጋስካር፦ የአንድ የጨርጨር ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ አፈላለግ

የቤተሰብን ታሪክ መፈለግ የአባትንና የአያትን ስም በመቍጠር ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ቤተሰቡ ያረሰው መሬት የማን እንደ ነበረ፣ ምርቱ በየትኛው መንገድ ለገበያ እንደ ወጣ፣ ከቀዬው ያፈናቀለውም ኃይል ምን እንደ ሆነ ካልተጠየቀ የትውልድ ቈጠራው ባዶ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። በምዕራብ ሐረርጌ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ቤተሰብ ነው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ዘንድ ካደጉ በኋላ በሩሲያ የመድፈኝነት ትምህርት ተከታተሉ፤ በአውሮፓ ቆይታቸውም የእርሻን ጥበብ ቀሰሙ። ጨርጨርን በገዥነት በያዙ ጊዜ አውራጃው ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። የዛሬዋ ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ የዚያ አሳብ ማስታወሻ ናት። እርሳቸውም በሂርና በእርሻ ሥራ ተሰማሩ።

ከአሰበ ተፈሪ ደጋ ዝቅ ብላ በቆላው የምትገኘው ሚኤሶ የባቡር ጣቢያ ናት። በፈረንሳይ ኩባንያ የተዘረጋው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ አገሩን በፈረንሳይ እጅ ከነበረችው ከጅቡቲ ጋር አገናኘ። ስለዚህ የጨርጨር ቡና አምራች አገሩን ሳይለቅ ኑሮው ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ወደብ ጋር ተሳሰረ።

ተክለ ሐዋርያት የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያም በመንግሥታቱ ማኅበር ለኢትዮጵያ የተሟገቱ ሰው ናቸው። ጠላት በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገባ ስደት ዕጣቸው ሆነ። በመጨረሻም በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በማዳጋስካር ተቀምጠው በእርሻ ይተዳደሩ ጀመር። በአንጻሩ የፋሽስት መንግሥት በ1930 ዓ.ም. ከፑልያ የኢጣልያ ገበሬዎችን አምጥቶ በጨርጨር የሚያሰፍር ድርጅት አቋቋመ። የጨርጨር ገበሬ በባዕድ ቅኝ አገር ሲያርስ፣ በጨርጨር ባዕድ ገበሬ እንዲተከል ታቀደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የሰፈራው ዕቅድ ሥር ሳይሰድ በ1933 ዓ.ም. ከወራሪው አገዛዝ ጋር ፈረሰ። ተክለ ሐዋርያትም ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ምንጮች በልዩ ልዩ ስፍራ ተበታትነዋል። የፊታውራሪ የሕይወት ታሪክ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ያሳተሙት «አርአያ» የተባለው ልብ ወለድ በአውሮፓ ተምሮ በመቅረትና ወደ አገር በመመለስ መካከል የሚያመነታን የባላገር ልጅ ያሳያል። ስለ ማዳጋስካር የቅኝ አስተዳደር የተጻፉ ሰነዶች ደግሞ በፈረንሳይ አገር፣ በኤክስ አን ፕሮቫንስ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ሆኖም ባለታሪኩ ራሱን የሚያየው በራሱ ዓይን ነው፤ ልብ ወለድ የዘመኑን ስሜት እንጂ የቤተሰቡን ድርጊት አይመሰክርም፤ የቅኝ ገዥ መዝገብም ሰውን የሚያውቀው በፈቃድና በግብር ነው። አንዱ ያለ ሌላው ሊታመን አይገባም።

ከእነዚህ ሁሉ ምንጮች የሚጐድል አንድ ወገን አለ። ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ወዲህ በሐረርጌ መሬት ለሹምና ለወታደር ሲደለደል፣ በጨርጨር የኢቱ ኦሮሞ አራሽ ገባር ሆነ። የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ በየካቲት 1967 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ አራሹ ያለፈበት ኑሮ በአብዛኛው የሚገኘው በቃል ነው። መሬቱን በ1928 የተነጠቀው ቤተሰብ መጽሐፍ ትቷል፤ ከዚያ በፊት የተነጠቀው ግን የሚናገርለት የሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ነው።

ስለሆነም በሚኤሶ፣ በጭሮና በሂርና የሚያስተምሩ የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸው በየቤታቸው ሦስት ነገር እንዲጠይቁ ቢያደርጉ ይበጃል፦ አያቶቻችን ያረሱት መሬት በማን ስም ነበር? ምርታቸውን በየትኛው ጣቢያ ጫኑ? ቀዬአቸውን የለቀቁት መቼና በማን ነው? መልሱ በኦሮምኛም ሆነ በሶማልኛ፣ በተነገረበት ቋንቋ ይመዝገብ። ሽማግሌዎቹ እያለፉ ስለሆነ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።