ያልተከፈተው ሣጥን፦ ንግር እና ምፀታዊ ፍጻሜ በሞፓሳን «የአንገት ሐብል»

ፈረንሳዊው ጊ ደ ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1884 «ለ ጎልዋ» በተባለው የፓሪስ ጋዜጣ ላይ ያወጣው «የአንገት ሐብል» በፍጻሜው የታወቀ አጭር ልቦለድ ነው። የአነስተኛ የቢሮ ጸሐፊ ሚስት የሆነችው ማቲልድ ሏዜል የተዋሰችውን ሐብል በግብዣ ምሽት ትጥላለች። ባልና ሚስቱ ምትኩን በ36,000 ፍራንክ ገዝተው ይመልሱና 10 ዓመት ዕዳ ሲከፍሉ ይኖራሉ። በመጨረሻም የሐብሉ ባለቤት ወይዘሮ ፎረስትዬ፣ የጠፋው አርቲፊሻል እንደነበረና ቢበዛ 500 ፍራንክ እንደሚያወጣ ትነግራታለች።

ይህን ፍጻሜ አንባቢን ለማስደንገጥ ብቻ የተጠመደ ወጥመድ አድርገው የሚነቅፉ አሉ። እኔ አልስማማም። የፍጻሜው ኃይል የሚመነጨው ቀደም ብለው ከተቀመጡት ንግሮች፣ ማለትም መጪውን ከሚጠቁሙ ፍንጮች ነው፤ ንግሮቹ ደግሞ የማይታዩት በመጀመሪያው ንባብ ሌላ ሥራ ስለተሰጣቸው ነው።

ከሁሉም የሚልቀው የጌጣጌጥ ነጋዴው ንግር ነው። ባልና ሚስቱ በሣጥኑ ውስጥ ስሙ ወደተጻፈው ነጋዴ ሲሄዱ፣ መዝገቡን አገላብጦ ሐብሉን እሱ እንዳልሸጠ፣ ከሱቁ የወጣው ሣጥኑ ብቻ ሳይሆን እንደማይቀር ይነግራቸዋል። ጌጡና ሣጥኑ ከተለያየ ቦታ መጥተዋል ማለት ነው። ምክንያቱን ግን ማንም አይጠይቅም። ባልና ሚስቱ ተጨንቀዋል፤ አንባቢውም አብሯቸው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሮጣል። እውነቱን ሊገልጥ የሚችለው ንግግር ፍለጋውን የሚያራዝም እንቅፋት ብቻ መስሎ ያልፋል።

ወይዘሮ ፎረስትዬ ሐብሉን ያለ ማመንታት ማዋሷም ንግር ነው፤ በመጀመሪያው ንባብ ግን ደግነት ይመስላል። ሲመለስላትም ሣጥኑን አትከፍትም። ማቲልድ ጌጡ መቀየሩ ታውቆ ሌባ እንዳትባል ስለምትሰጋ፣ አንባቢውም በእሷ ዓይን ስለሚያይ፣ ሣጥኑ ሳይከፈት መቅረቱ እፎይታ ይሆናል። ምፀቱ እዚህ ላይ ይጠነክራል፤ ያኔ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ 10 ዓመቱ ይተርፍ ነበር።

ወይዘሮ ፎረስትዬ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የጌጧን መለወጥ አለማስተዋሏ ለማመን ይከብዳል፤ የሴራው ደካማ ቦታ ይህ ነው። ሆኖም ሞፓሳን ልቦለዱን በወይዘሮ ፎረስትዬ ንግግር ዘግቶ ያቆማል። ደራሲው ኦ. ሄንሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1905 ባወጣው የገና ስጦታ ታሪኩ ከምፀቱ በኋላ ተራኪውን አስገብቶ ትርጉሙን ያብራራል። የሞፓሳን ዝምታ አንባቢውን ወደ ነጋዴው መዝገብ ስለሚመልሰው ይበልጣል።

አጭር ልቦለድ የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ስለ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከመጠየቃችሁ በፊት ነጋዴው ምን እንዳለ ጠይቋቸው።