ከጠገራ ብር እስከማይዳሰሰው ገንዘብ፦ የባሌ ሀብት ድንበር የተሻገረበት መንገድ

ከባሌ ተራሮች ሥር የሚመነጨው የወይብ ወንዝ የዲንሾን ሜዳ አቋርጦ፣ ጎባንና ሮቤን ወደ ጎን ትቶ ወደ ምሥራቅ ካቀና በኋላ፣ ከጎሮ ወዲያ በሶፍ ዑመር የኖራ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል፤ ከዋሻው ወጥቶም የቆላውን ምድር እየሰነጠቀ ዶሎ አጠገብ ከገናሌ ጋር ይገናኝና፣ ጁባ በሚለው ስም ሶማሊያን አቋርጦ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወርዳል። የባሌ ደጋ ሰው ንዋዩን ከአገር ወደ አገር ለማሻገር ባሰበ ጊዜ መንገዱን አስቀድሞ ያሳየው ይህ ውኃ ነው። ዛሬ ሀብትን ከድንበር ድንበር ለማሻገር ወርቅ ይበልጣል ወይስ በእጅ ስልክ የሚላከው የማይዳሰስ ገንዘብ እየተባለ የሚነሣው ክርክር ለብዙዎች ፍጹም አዲስ ይመስላቸዋል፤ የወይብን አገር ታሪክ ለተመለከተ ሰው ግን፣ በየዘመኑ የሚሻገረው ነገር ቢለዋወጥም፣ ሀብቱ መንገድ ላይ ሳለ ማን ዋስ ይሆነዋል የሚለው ጥያቄ ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ ያው እንደሆነ መኖሩ ይገለጥለታል።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለግብጽ ማምሉኮች በጸሐፊነት ያገለገለው የደማስቆው ሊቅ አል-ዑመሪ፣ በኢትዮጵያ ስለነበሩት ሰባት የእስላም መንግሥታት በጻፈ ጊዜ ባሌን ከእነርሱ አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። እንደ እርሱ አጻጻፍ፣ ከጎረቤቶቿ አንዳንዶቹ ሐኩና በሚባል መርፌ በሚያህል የብረት ቍራጭ ሲገበያዩ፣ የባሌ ሰዎች ግን ከብቱን፣ በጉንና ጨርቁን እርስ በርስ እየለወጡ ይኖሩ ነበር። ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያነቡ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ሣርና ውኃ በሞላበት አገር ከብት በገዛ እግሩ የሚሄድ፣ ተሸካሚ የማይሻ፣ በመንገድም ሳለ የሚወልድ ሀብት ነውና፣ የባሌ ሰው ብረት እየቈጠረ የሚደክምበት ምክንያት አልነበረውም። የከብት ሀብት ድካሙ የታየው በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ፣ ክፉ ቀን እየተባለ በሚታወሰው ዘመን ነው፤ የከብት በሽታ ከሰሜን ተነሥቶ ኢትዮጵያን ሲያዳርስ አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ ትናንት በመንጋው ይመካ የነበረው ባለጸጋም ባዶ በረት ታቅፎ ቀረ። በዚያው ዘመን የራስ ዳርጌ ጦር ባሌን ለዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት አስገብሮ ነበርና፣ ጎባም የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ከተማ እየሆነች ስትሄድ፣ ደጋው እያደር ከብር ጋር ተዋወቀ።

የንግዱ እምብርት ጊኒር ነበረች። ከደጋው ቡናው፣ ቆዳው፣ ማሩና የዝሆን ጥርሱ በጊኒር በኩል ወደ ቆላ ወርዶ በጁባ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ሉግ ይደርስና፣ ከዚያ በበናዲር ጠረፍ ወዳሉት ወደ መርካና ወደ ብራቫ ይዘልቃል፤ በምላሹም ጨርቅና ጨው ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ከሩቅ አገር እየዘመረ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚተመው ተሳላሚም ከጸሎቱ ጋር ንግዱን ይዞ ይጓዝ ነበር፤ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥም፣ ተፈጥሮ ባነጻቸው ዐምዶች ሥር፣ ጥንት ገበያ ይቆም እንደነበር የአገሩ ሰው ያወሳል። እ.ኤ.አ. በ1894 በዚያ ያለፈው አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ዋሻውን አይቶ በመደነቅ ከሦስት ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለዓለም አስታውቋል።

በዚህ መንገድ ላይ ከዕቃው ይልቅ የሚከብረው ሰው ነበር። በሶማሌ ቆላ የሚያልፍ ሲራራ ነጋዴ አባን የሚባል ጠባቂ መያዝ ግድ ሆነበት፤ አባን ከሚታለፍበት ጎሣ የተወለደ፣ በወገኑ ፊት ቃሉ የሚሰማ ሰው ሲሆን፣ እንግዳው ነጋዴ ቢዘረፍ ወይም ቢገደል ነውሩም ደሙም ወደ እርሱ ይመለስ ነበርና፣ ለዚህ ዋስትናው ዋጋ ይቀበላል። ያለ አባን የተጓዘ ሰው የያዘው ወርቅ ቢሆን ብር ለራሱ መጥፊያ ተሸክሞ ይሄድ ነበር ማለት ይቻላል፤ ማዕድኑ ጌታውን አይጠብቅምና።

ማርትሬዛ የምንላት ጠገራ ብር የባሌን ደጋ የወረሰችው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ገብታ ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ስትሞት፣ መልኳን የያዘው ብር ያንኑ ዓመት እንደተሸከመ በቪየና፣ በኋላም በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ሲታተም ኖረ፤ ይህም ከገንዘብ ታሪክ ድንቆች አንዱ ነው። እያንዳንዱ ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ሽራፊ የሚመዝን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ገበሬው ጠገራውን ሲቀበል በመዳፉ አመዛዝኖ፣ በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ሰምቶ፣ ከዚያም የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ዕንቍዎችና በትከሻዋ ያለውን መርፌ ቍልፍ አንድ በአንድ ይመረምር ነበር፤ ዕንቍው ከተፋቀ፣ መልኩ ከደበዘዘ፣ ብሩ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ አይቀበልም። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በገዛ መልካቸው ያሳተሙት ብር ጥሩ ሆኖ ሳለ ማርትሬዛን ከገበያ ሊያስወጣት አለመቻሉ የዚህ ጥንቃቄ ውጤት ነው፤ ሰው በእጁ የለመደውን ነገር በአዋጅ አይለውጥምና።

ነገር ግን ጠገራ ከባድ ናት። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናል፤ አራት ሺህ ብር ያለው ነጋዴ ለገንዘቡ ብቻ አንድ ብርቱ በቅሎ መጫን ነበረበት ማለት ነው፤ ያን የሚያህል ብር ከጊኒር እስከ ሉግ ሲጓዝ ደግሞ ከሩቅ የማያውቀው ሽፍታ አልነበረም። ወርቅ ይህን ሸክም ያቀልለዋል። ዋጋቸው አንዱ ለአሥራ አምስት በነበረበት ዘመን፣ የሺህ ጠገራው ንጹሕ ብር አንድ ኪሎ ተኩልን በጥቂት በሚያልፍ ወርቅ ሊለወጥ ይችል ነበር፤ ይህም በአንድ ሰው መቀነት ውስጥ ይገባል። ወርቁም የሚመዘንበት ወቄት ክብደቱ ያው የጠገራዋ ክብደት ነበርና፣ ሁለቱ ማዕድናት በአንድ ሚዛን ላይ የተገናኙ ወንድማማቾች ነበሩ።

ሉግ ራሷ የገንዘብ ዋጋ የተቈረጠላት ቦታ ናት። ግንቦት 8 ቀን 1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል፣ ኢትዮጵያ በሉግ በኩል የነበራትን ይገባኛል ባይነት ለጣልያን ስትለቅ 3 ሚሊዮን ሊሬ እንዲከፈላት ሆኗል። ከዚያ ቀን ወዲህ የጊኒር ነጋዴ ወደ አባቶቹ ገበያ ለመውረድ የሁለት መንግሥታትን ጠረፍ መሻገር ግድ ሆነበት፤ ወንዙ ግን እንደ ቀድሞው ወረደ።

ወርቅ በባሌ ደጋ ብዙ አይገኝም፤ የሚገኘው ከገናሌ ማዶ፣ በጉጂ ምድር፣ በአዶላና በሻኪሶ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ለባሌ ሰው ወርቅ ዘወትር ከውጭ የሚመጣ ጸጋ ሆኖ ኖሯል፤ በአንገትና በጆሮ የሚውል፣ ለጥሎሽ የሚሰጥ፣ በክፉ ቀንም የሚሸጥ። መሸሸጊያነቱን ያስተማሩት መንግሥታት ራሳቸው ናቸው ብል አልሳሳትም። ጣልያኖች ማርትሬዛን አስወጥተው የወረቀት ሊሬ ሊተክሉ በደከሙበት ዘመን፣ ሕዝቡ ሊሬውን እየተጠራጠረ ጠገራውን ቀበረ። ከነጻነት በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ አዲሱን ብር ሲያወጣ፣ አንዱ ብር በሕግ 0.36 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሕዝቡ ወረቀትን በቶሎ እንደማያምን ስለታወቀም፣ ከአሜሪካ በብድር በመጣ ብር የሃምሳ ሳንቲም ጥሬ ገንዘብ ታትሞ አብሮ ወጣ። ይህን ያደረጉ ሰዎች ጥበበኞች ነበሩ፤ እምነት በትእዛዝ እንደማይገኝ ዐውቀው፣ ገበሬው በጥርሱ ነክሶ የሚፈትነውን ነገር አስቀድመው ሰጡት። ኋላ ግን በ1969 ዓ.ም. ደርግ፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው መንግሥት የብር ኖቶቹን ሲለውጡ፣ በእንስራና በግድግዳ ውስጥ ወረቀት ያኖረ ሰው በተወሰነው ጊዜ ወደ ባንክ ካልሮጠ ሀብቱ ከንቱ ሆነ፤ ወርቅ በጆሮዋ ያንጠለጠለችው እናት ግን የምትሮጥበት ምክንያት አልነበራትም።

የባሌ ሀብት መንገድ ከሉግ ወደ ጅዳና ወደ ሪያድ የዞረው በእኛ ዘመን ነው። ከጎሮ፣ ከሮቤ፣ ከአጋርፋ የተነሡ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፣ ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ፣ የላባቸውን ዋጋ ወደ አገር የሚመልሱበት መንገድ ሁለት ሆነ። አንደኛው ወርቅ ነው፤ ከ24 እጅ 21 እጁ ንጹሕ የሆነው ባለ 21 ካራት አምባርና ሐብል፣ ገዝተው ለብሰውት የሚገቡበት። ሁለተኛው ሀዋላ ነው። ጅዳ ያለችው ልጅ ሪያሉን ለአንድ ሰው ትቈጥራለች፤ እርሱም አዲስ አበባ ወይም ሮቤ ላለው ባልንጀራው ይደውላል፤ ባልንጀራውም በዚያው ቀን ለእናቷ ብሩን ይሰጣል፤ ሪያሉ ግን ከጅዳ አልተነቀነቀም። ሁለቱ ሰዎች የኋላ ኋላ ዕዳቸውን ከዱባይ በሚጫን ዕቃ ያካክሳሉ። መንግሥት ከባንክ ውጭ የሚደረገውን ይህን ሥራ ይከለክላል፤ ምክንያትም አለው፤ የውጭ ምንዛሪው ወደ አገር አይገባምና። ይሁንና ሥራው ሳይፈርስ የኖረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሀዋለኛው አንድ ቀን ቃሉን ቢያጥፍ ነገ የሚመጣለት ሰው የለም። የጥንቱ አባን በሌላ ልብስ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው።

ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲባረሩ፣ በሰውነት ላይ የሚሸከሙት ሀብት ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ ታየ። በማጎሪያ ያለ ሰው የለበሰው ወርቅ ከዓይን አይሰወርም፤ ለባለሥልጣኑም ለወንበዴውም እኩል ያበራል። አስቀድማ ወደ ቤቷ የላከች ተረፈላት፤ በአሠሪዋ እጅ ደመወዟን ያኖረች ደግሞ ባዶ እጇን ተመለሰች።

የማይዳሰሰው ገንዘብ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲመዘን የትናንት ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2001 ዓ.ም. ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ራሱን የሰወረ ሰው የቢትኮይንን የመጀመሪያ መዝገብ ከፈተ። ቢትኮይን በማንም መንግሥት ግምጃ ቤት አይኖርም፤ ብዛቱ ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ በሥርዓቱ ተወስኗል፤ መዝገቡም በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድ ዓይነት ተገልብጦ ስለሚኖር ማንም ብቻውን ሊፍቀው አይችልም። ባለቤትነቱ የሚታወቀው በምስጢር ቍልፍ ሲሆን፣ ቍልፉም በ12 ወይም በ24 ተራ ቃላት ሊጻፍ፣ ሊሸመደድም ይችላል። ዋጋው እንደ ማዕበል የሚዋዥቅ በመሆኑ፣ ገንዘብ ወደ ቤት ለመላክ የሚሹት ብዙዎች ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተበጀውን ቴዘርን ይመርጣሉ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በእንዲህ ያለ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ በሌላ ወገን ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች ኃይል በዶላር ይሸጣል። በባሌና በጉጂ ወሰን ላይ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ጣቢያም ኃይሉን ወደዚያው ብሔራዊ መረብ ያስገባል። ነጋዴውን ወደ ሉግ ይመራ የነበረው የባሌ ተራሮች ውኃ ዛሬ በሽቦ ላይ ሆኖ ገንዘብ ወደሚፈለፍሉ መኪናዎች ይደርሳል ማለት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ብርን አለፈ፤ በየጠረፉ እየሾለከ ይወጣ የነበረው ወርቅም በብዛት ወደ ብሔራዊ ባንክ መቅረብ ጀመረ። ወርቅን ከድንበር የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ የሰው ክፋት ሳይሆን የዋጋ ልዩነት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ወርቁንና የማይዳሰሰውን ገንዘብ በቅርብ ለተመለከተ ሰው ልዩነታቸው በጠረፍ ላይ አይቆምም። ወርቅ በኬላ ይታያል፣ ይመዘናል፣ ይያዛል፤ የምስጢር ቃላቱን ግን ማንም ፈታሽ ከሰው ልቡና አያወጣቸውም፤ ስለዚህ ለተሳዳጅ ሰው ጥቅማቸው እውነተኛ ነው፤ ይህን ለመካድ አልደፍርም። ነገር ግን በስሕተት ወደ ሌላ የተላከ ቴዘር የሚመልሰው ዳኛ የለም፤ ቃላቱን ያጣ ሰውም ሀብቱ ይጠፋበታል። ባሌ በአብዛኛው የእስላም አገር ናትና፣ የቃዲ ፍርድ ቤቶች ከ1936 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ የውርስ ነገር ሲዳኙ ኖረዋል፤ ወርቁ ሚዛን ላይ ወጥቶ ለሚስት፣ ለወንድ ልጅ፣ ለሴት ልጅ እንደየድርሻው ይከፈላል፤ 85 ግራም ከሞላና ዓመት ከዞረበትም ዘካው ይወጣለታል። በባዕድ አገር የሞተ ልጅ በስልኩ የተወው ሀብት ግን፣ ቃላቱ ካልታወቁ፣ ቃዲው የሚከፍለው፣ ዳኛውም የሚያዝበት አይሆንም። ይህን የተረዱት አንዳንዶች 12ቱን ቃላት በወረቀት ጽፈው፣ ወረቀቱን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ለእናታቸው ግማሹን ለታላቅ ወንድማቸው በአደራ ይሰጣሉ፤ ማንንም ሰው ማመን አያሻም ተብሎ የተፈጠረው ገንዘብም በዚህ መንገድ አባን የሚሆነውን ሰው ከገዛ ቤቱ ያገኛል።