ራን (የእንግሊዝኛ ግሥ)

ራን ብዙ ፍቺ ከተሸከሙት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ ነው። ግሥም ስምም ሆኖ ያገለግላል። ተማሪ መጀመሪያ የሚያውቀው «ሮጠ» የሚለውን ፍቺ ነው፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ሞተር፣ ቧንቧ፣ አፍንጫ፣ ድርጅትና እጩ ተወዳዳሪ ሁሉ በዚሁ ቃል ሲነገሩ ይሰማና ግራ ይጋባል።

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለተኛ እትሙን በ20 ጥራዝ ሲያወጣ በፍቺ ብዛት ቀዳሚው «ሴት» የተባለው ግሥ ነበር፤ 430 ፍቺ ተቆጥሮለታል። (በፊደላችን ሲጻፍ ከአማርኛው ሴት ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ ዋና ትርጉሙ ማኖር፣ ማስቀመጥ ነው።) በ2011 ግን የራን ክለሳ ሲጠናቀቅ ግሡ ብቻ 645 ፍቺ ይዞ ተገኘ። ክለሳውን የሠሩት ፒተር ጊሊቨር ዘጠኝ ወር ፈጅቶባቸዋል። ይህን ሁሉ በቃሉ የሚይዝ እንግሊዛዊም አይገኝም፤ ተማሪም መሞከር የለበትም። አብዛኛው ፍቺ ሳይቋረጥ መሄድ ከሚል አንድ ሐሳብ የወጣ ነው።

ሐሳቡ በቃሉ ሥር ውስጥ አለ። ራን የጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሪናንና ኢርናን የሚሉ ቅርጾች ነበሩት፤ ቫይኪንጎች ይዘውት የመጡት የኖርስ ዘመዱም አጠናክሮታል። ፍቺው «ሮጠ» ብቻ ሳይሆን «ፈሰሰ»ም ነበር። የዛሬው ጀርመንኛ ሁለቱን ለይቶ ይዟል፤ ሬነን መሮጥ፣ ሪነን መፍሰስ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ላይ ጫነ። ስለዚህ ከ«ፈሰሰ» የሚነሣ ተማሪ ከ«ሮጠ» ከሚነሣው የበለጠ ይቀናዋል።

ወንዝ በሸለቆ ሲወርድ፣ ቧንቧ ሳይዘጋ ቀርቶ ውሃ ሲፈስ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ ሲፈስ፣ አዲስ ልብስ ታጥቦ ቀለሙ ሲለቅ ሁሉም ራን ነው። ለገላ መታጠቢያ ገንዳ ውሃ መሙላት «ራን ኤ ባዝ» ይባላል። የማይንቀሳቀሰው መንገድና አጥር እንኳ ከዚህ እስከዚያ መዝለቁ በዚሁ ግሥ ይነገራል። በቤተሰብ ውስጥ የሚተላለፍ መልክ፣ ተሰጥኦ ወይም ሕመም «ራንስ ኢን ዘ ፋሚሊ» ነው፤ አማርኛውም «በዘር ይወርዳል» ሲል ያው የውሃ ሥዕል ነው።

ማሽን ሲስፋፋ ቃሉ ሌላ ጉልበት አገኘ። የተነሣ ሞተር፣ በሐዲድ የሚመላለስ ባቡር፣ ማምረት ያላቋረጠ ፋብሪካ ሁሉ ራን ያደርጋል። ኮምፒውተር ሲመጣም አዲስ ግሥ አልተፈለገለትም፤ የአገራችን ፕሮግራመሮች ሳይቀሩ «ኮዱን ራን አድርገው» ይባባላሉ። ማሽንን ከማስኬድ ድርጅትን ወደ ማስተዳደር ያለው መንገድ ደግሞ አጭር ነው። ሥራ አስኪያጅ የምንለው ሰው ስሙ ራሱ ሥራውን የሚያስኬድ ማለት ስለሆነ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ፍቺ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም።

ታዲያ ፍቺው በምን ይለያል? አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱና በተሳቢው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሴፕቴምበር 2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ የሆቴሎች ባለቤትም ነው። እንግሊዝኛ ለማራቶኑም ለሆቴሉም ራን ይላል። አንዱን መሮጥ፣ ሌላውን ማስተዳደር የሚያደርገው ከግሡ ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነው። መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት ማን፣ ምንን ብሎ መጠየቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚያሰናክለው «ራን አውት» የሚለው ጥምረት ነው። ስኳር ሲያልቅ እኛ «ስኳር አለቀብን» እንላለን፤ ባለቤቱ ስኳሩ ነው፣ እኛ የደረሰብን ነን። እንግሊዝኛም ዕቃውን ባለቤት ማድረግ ይችላል፤ ያኔ «ራን አውት» ብቻውን ይበቃል። በንግግር የሚዘወተረው ግን ሰውን ባለቤት አድርጎ «ዊ ራን አውት ኦፍ ሹገር» ማለት ነው፤ «ኦፍ» የምትለዋ መስተዋድድ የግድ ትገባለች። ተማሪዎች የሚጥሏት እሷን ነው። ስለ ጊዜ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ትዕግሥትም አነጋገሩ እንዲሁ ነው።

ሌሎቹን ጥምረቶች ፈጠን ብሎ ማለፍ ይቻላል። «ራን ኢንቱ» ከሰው ጋር ድንገት መገናኘት ወይም ከግድግዳ ጋር መላተም ነው። «ራን ኦቨር» በመኪና መግጨት፣ ለስብሰባ ከሆነ ደግሞ ከተያዘለት ሰዓት ማለፍ ነው። «ራን ዳውን» ሰውን ማጣጣል፣ የባትሪ መድከምም ነው። ዕዳ ማከማቸት «ራን አፕ» ይባላል። «ራኒንግ» ከቁጥርና ከስም በኋላ ሲመጣ ሩጫ የለበትም፤ «ስሪ ዴይስ ራኒንግ» ሦስት ቀን በተከታታይ ማለት ነው።

አሜሪካና ብሪታንያ በዚህ ቃል የሚለያዩበት ቦታም አለ። አሜሪካዊው ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ራን ይላል፤ ብሪታንያዊው ለፓርላማ ሲወዳደር የሚለው «ስታንድ» ነው፣ ማለትም አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይቆማል። የሴት ስቶኪንግ ሲተረተርም አሜሪካውያን ራን፣ ብሪታንያውያን «ላደር» ወይም መሰላል ይሉታል።

ስም ሲሆን ቃሉ በክሪኬትና በቤዝቦል ነጥብ ነው። በቤዝቦል ተጫዋቹ አራቱን ማዕዘን ዞሮ ሲመለስ አንድ ራን ይቆጠራል። በክሪኬት መቺዎቹ ጫፍ ለጫፍ ሮጠው ቦታ ሲለዋወጡ ያገኙታል፤ የተመታችው ኳስ በመሬት ተንከባልላ ከሜዳው ድንበር ብትደርስ 4፣ መሬት ሳትነካ ብታልፈው 6 ይሰጣል። ያን ጊዜ መሮጥ አያስፈልጋቸውም፤ ነጥቡ ግን ራን መባሉን አይተውም።

በገንዘብ ዓለም «ባንክ ራን» የሚባለው አስቀማጮች ባንኩ ሊወድቅ ነው ብለው ፈርተው ገንዘባቸውን ለማውጣት በአንድ ጊዜ ሲጎርፉ ነው። በሴፕቴምበር 2007 የብሪታንያው ኖርዘርን ሮክ ደንበኞች በቅርንጫፎቹ ደጃፍ ተሰልፈዋል። በማርች 2023 ግን የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር እንዲወጣ ሲጠየቅ ብዙው በስልክና በኮምፒውተር ስለነበር ሰልፍ እንኳ አላስፈለገም።

በአረባብ ቃሉ ከደንብ ውጭ ነው። የአሁኑ ጊዜና ሦስተኛው ቅርጽ አንድ ናቸው፤ ያለፈው ጊዜ ግን መካከል ያለችውን አናባቢ ይለውጣል። ችግሩ በአማርኛ ፊደል ሦስቱም «ራን» ተብለው መጻፋቸው ነው። ባለፈው ጊዜ አፍ ወደ «ሬ» ጠጋ ብሎ ይከፈታል፤ በሌሎቹ ድምፁ አጭር ነው፣ በ«ረ» እና በ«ራ» መካከል ይወድቃል። ከ«ሃቭ» በኋላ የሚገባው ሦስተኛው ቅርጽ ነው፤ ያለፈውን ጊዜ እዚያ መሰካት በራሳቸው በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድም የሚሰማ ስሕተት ነው።

ስሙ ከ«ሬስ» ጋር መምታታት የለበትም። ሬስ ፉክክር ነው፣ አሸናፊና ተሸናፊ አለው፤ የፈረስም የመኪናም ይሆናል። ራን ግን ሩጫው ራሱ ነው፤ ለጤና ብሎ ማለዳ የሚሮጥ ሰውም ራን ሄደ ይባላል። በ2001 የተጀመረውና በአዲስ አበባ ጎዳናዎች 10 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ታላቁ ሩጫ በእንግሊዝኛ «ግሬት ኢትዮጵያን ራን» ይባላል። ከፊት የሚፎካከሩ አትሌቶች ቢኖሩትም አብዛኛው ሰው እየጨፈረ የሚሮጥበት በመሆኑ ስሙ ይስማማዋል።