ስለ ኮርቶ ማልቴዘ የሥዕል መጻሕፍት

ከቆቦ ከተማ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የዞብል ተራራ ይታየዋል። ከዚያ ወዲያ ምድሩ የውጭ አገር ሰዎች ደናክል ወደሚሉት ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። የራያ ቆላ ሰው ይህን በረሃ በጉርብትና ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን ስሙ በአውሮጳ በአንድ መርከበኛ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

መርከበኛው ኮርቶ ማልቴዘ ይባላል። በሥጋ የነበረ ሰው አይደለም፤ የኢጣልያው ሠዓሊ ሁጎ ፕራት በብዕሩ የፈጠረው ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ነገሩን ሥዕል ከሥዕል እያስከተለ ይተርካል፤ የተናጋሪውም ቃል ከራሱ በላይ በተከበበ ስፍራ ይጻፋል። የሰማዕታትን ገድል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በተራ እያየ ላደገ አንባቢ ይህ አሠራር ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

ፕራት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. በሪሚኒ ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። በ1937 ከእናቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ አባቱ ከወራሪው ሠራዊት ወገን ነበርና። ያ ዓመት የየካቲት 12 ሰማዕታት ደም በአዲስ አበባ የፈሰሰበት ዓመት ነው። ልጁ ገና ለአካለ መጠን ሳይደርስ የቅኝ አገዛዙን ፖሊስ ልብስ ለበሰ። በ1941 የኢጣልያ ኃይል ሲሰበር አባቱ ተማረከ፤ በማግሥቱም ዓመት በምርኮ ሳለ ታሞ ሞተ። እናትና ልጅ በድሬዳዋ በእስረኞች ሰፈር ተቀመጡ። የገዢ ልጅ የነበረው እስረኛ ሆኖ፥ እዚያ ከዘበኞቹ የሥዕል ታሪኮችን እየገዛ ያነብ ነበር። በ1943 ቀይ መስቀል ወደ ኢጣልያ መለሰው።

ከብዙ ዓመት የአርጀንቲና ኑሮ በኋላ፥ በ1967 በጄኖቫ «ሳጅን ኪርክ» የተባለ መጽሔት መታተም ሲጀምር ኮርቶ በመጀመሪያው ቍጥር ታየ። አመጣጡም ለጀግና የሚገባ አልነበረም፤ በእንጨት ርብራብ ላይ ታስሮ በሰላማዊ ውቅያኖስ ሲንሳፈፍ ተገኘ። በዚያ ታሪክ ከብዙዎች አንዱ እንጂ አለቃ አልነበረም። ከ1970 እስከ 1973 ድረስ ግን «ፒፍ» በተባለው የፈረንሣይ የልጆች ሳምንታዊ ጋዜጣ 21 አጫጭር ታሪኮች በስሙ ወጡ። ኋላም የቤልጂጉ አሳታሚ ካስተርማን እያሰባሰበ በመጽሐፍ አወጣቸው።

ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ አራቱ «ኢትዮጵያውያት» በሚል ስም በአንድ ተጠረዙ። ስሙ ከይዘቱ ይሰፋል፤ አንዱ ታሪክ በየመን፥ አንዱ በእንግሊዝ ሶማሌ፥ አንዱም ጀርመኖች በያዙት በምሥራቅ አፍሪካ ነውና። በእነርሱ ውስጥ ኩሽ የተባለ እስላም ተዋጊ አለ። ይህ ሰው የነጭ ሎሌ ወይም ስንቅ ተሸካሚ ሆኖ አልተሣለም፤ ኮርቶን እንደ እኩያው ይናገረዋል፥ ይዘልፈዋል፥ የቅኝ ገዢዎችንም ሥልጣን አይቀበልም። በዚያ ዘመን የአውሮጳ ልጆች በሚያነቡት ወረቀት አፍሪካዊ እንዲህ ያለ አንደበት የሚያገኘው በጥቂቱ ነበር። የራያን ገበሬና የቆቦን ገበያ የሚፈልግ አንባቢ ግን አያገኛቸውም፤ የፕራት ዓይን ከምሽግና ከበረሃ መንገድ ብዙ አልራቀም። ስለዚህ መጽሐፉ ለአገሪቱ ታሪክ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ የወራሪው ልጅ ከሽንፈት በኋላ ምን እንዳስተዋለ ለማወቅ ግን ይጠቅማል።

ፕራት በ1995 በስዊስ አገር ሞተ። ኮርቶ ግን አልተቀበረም፤ በ2015 ሁለት እስፓንያውያን፥ ጸሐፊው ሁዋን ዲያስ ካናሌስና ሠዓሊው ሩበን ፔዬሄሮ፥ አዲስ ጉዞ ጽፈው አሳተሙለት።