በንግሥተ ሳባ ኮርኒስ ላይ የነደደው እሳት

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ነበር። «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ማለዳ ከአዲስ አበባ ለንደን ሂትሮው ገብታ፣ መንገደኞቿን አውርዳ፣ ኤሌክትሪኳ ጠፍቶ ከተርሚናሉ ራቅ ብላ ቆማለች። ውስጧ ማንም የለም። በለንደን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከመቆጣጠሪያው ማማ ላይ የነበረ ሠራተኛ ከአውሮፕላኗ ጢስ ሲወጣ አየና የአደጋውን ደወል ደወለ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ገና በበሩ ሲገቡ ድፍን ያለ ጢስ ተቀበላቸው። ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር እየባሰ ስለሄደ፣ እንዲወጣላቸው ሌሎቹን በሮች ከፈቱ። ከመጨረሻዎቹ ወንበሮች በላይ፣ ከኮርኒሱ ጀርባ የእሳት ምልክት አዩ። የእጅ ሃሎን ማጥፊያ ረጩበት፤ አልበገር አለ። ኮርኒሱን በኃይል ፈልቅቀው በውኃ ሲደርሱበት ነው የጠፋው።

የሁሉም ጥርጣሬ ወዲያው ወደ ትልልቆቹ የሊቲየም ባትሪዎች ሄደ። በነዚያ ባትሪዎች ጣጣ 787 አውሮፕላኖች ከጥር ወር ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታግደው ከርመዋል፤ ሚያዝያ 19 ቀን ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በረራውን መጀመሪያ የቀጠለውም የኛው አየር መንገድ ነው። ነገር ግን የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች ያገኙት ሌላ ነው። እሳቱ የተነሣው አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ ለነፍስ አድን ሠራተኞች ከሚጠቁመው ትንሽ ሬዲዮ ነበር። የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጠላልፈው ተጨፍልቀዋል፤ ኮንታክት ፈጠሩ፤ አንዱ የባትሪ ሕዋስ ግሎ ቀጣዩን አቃጠለ። ከዚያ በኋላ እሳቱ ባትሪውንም አልፈለገም፤ የአውሮፕላኗ አካል የተሠራበትን ሙጫ እየበላ ቀስ ብሎ ቀጠለ።

መርማሪዎቹ በአደጋው ሳምንት ባወጡት መግለጫ ያሰፈሩት ቃል ከሁሉም የሚከብድ ይመስለኛል፦ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከኮርኒስ በላይ ባለው ክፍት ቦታ እሳት የሚለይም ሆነ የሚያጠፋ መሣሪያ በተለምዶ የላቸውም፤ ይህ በበረራ ላይ ቢደርስ ብርቱ የደኅንነት ሥጋት ሊሆን ይችል ነበር።

በጠፈር ጉዞም ታሪኩ ይመሳሰላል፤ እሳቱን የሚያየው መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነው። ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. አሜሪካውያኑ ጠፈርተኞች ግሪሶም፣ ኋይትና ቻፊ በአፖሎ 1 መንኮራኩር ውስጥ፣ ገና ምድር ላይ ሳሉ፣ በንጹሕ ኦክስጅን መካከል በተነሣ እሳት ሲሞቱ፣ የእሳቱ ማስጠንቀቂያ የራሳቸው የሬዲዮ ጩኸት ነበር። የካቲት 16 ቀን 1989 ዓ.ም. በሩሲያው ሚር የጠፈር ጣቢያ ስድስት ሰዎች ሳሉ ኦክስጅን የሚያመነጭ ካርቶሽ ተቀጣጥሎ፣ ከሁለቱ የማምለጫ መንኮራኩሮች ወደ አንዷ የሚወስደውን መንገድ ዘጋ። ያም እሳት የነደደው ካርቶሹን ከለኮሰው ሰው ፊት ነው።

በፋርጣና በጋይንት ሣር ክዳን ቤቶች ምድጃ መለኮሱን ከሩቅ የምናውቀው ጢሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው። ስበት በማይሰማበት መንኮራኩር ግን ትኩስ አየር ሽቅብ አይሄድም፤ ጢስም ከተነሣበት ዙሪያ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የጢስ መለያዎች የሚገጠሙት የአየር ማዘዋወሪያው ነፋስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ማዘዋወሪያው ከቆመ መለያውም ጢስ አይደርሰውም።

የንግሥተ ሳባ የመጨረሻ የምርመራ ዘገባ 14 የደኅንነት ምክረ ሐሳቦችን ይዞ የወጣው ነሐሴ 13 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በደብረ ታቦር በዓል ዕለት ነው። አውሮፕላኗም ተጠግና ወደ በረራ ተመልሳለች። ዘገባው ለማንም ክፍት ነው፤ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የምትማሩ ልጆች ከዳር እስከ ዳር አንብቡት።