ገላውና ልብሱ

አራዳ ውስጥ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ፊደል ማለት በለቃሚ እጅ የሚደረደር ብረት ነበር፤ መልኩና ማንነቱ አንድ።

ኮምፒውተር ሲመጣም ይኸው ቀጠለ። ፒያሳ አስተይበን የወሰድነው ፋይል ከውስጥ የላቲን ኮድ ነበር፤ አማርኛ ያስመሰለው የለበሰው ፎንት ነው። ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ ስንከፍተው ዝብርቅርቁ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠ። ገላው ከልብሱ ተለየ። ዛሬ ድረ ገጻችንን ወደ አዲስ የመሥሪያ ፕሮግራም ስናዛውር ስታይል ሺቱ ቢቀር ገጹ እርቃኑን ይወጣል እንጂ አማርኛው አይጠፋም።

የድሮው ፋይል ግን ያለ ፎንቱ ከንቱ ነው። ቤታችሁ ካለ፣ ወዳጆቻችን፣ ሳይመሽ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።