ወልድያ ቡድኗን ስታጅብ

ከአዲስ አበባ፣ ከጅዳ ወይም ከዋሽንግተን ተነሥቶ ወልድያ የገባ ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው ተቀምጦ ነው። የተሻለው ወንበር ይለቀቅለታል፤ ቡናው በእሱ ስም ይፈላል፤ ልጆቹ ከጎረቤት ልጆች ቀድመው ይበላሉ። አክብሮቱ ከልብ ነው። ነገር ግን አክብሮቱ ራሱ እንግዳነቱን በየሰዓቱ ያስታውሰዋል። ያው ቤተሰብ ከተማው ቡድኑን ሊያጅብ በወጣበት ቀን ግን ማንም ወንበር አይስብለትም፣ ብላልኝ ጠጣልኝም አይለውም። ማልያውን ለብሶ፣ ትንሹን ልጅ ትከሻው ላይ አውጥቶ፣ ከፊት አቀንቃኙ ያወጣውን ዜማ እየተቀበለ ከሰው ጋር ይሄዳል። በሰልፉ ውስጥ አስተናጋጅ የለምና እንግዳም የለም። በእኔ እምነት የወልድያ የኳስ አጀብ ትርጉም እዚህ ላይ ነው፦ ብዙ ሰው የሄደባት ምድር የሄደውን መልሳ ከራሷ የምትቆጥርበት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ደግሞ ከኳሱ ይልቅ በዕድሜ የገፋ ነው።

ኳሱ ወጣት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጨዋታው ወደ ሰሜኑ ከተሞች የገባው በትምህርት ቤት፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት በኩል ቀስ በቀስ ነው። አጀቡ ግን ኳስን የጠበቀ አይደለም። በጥንቱ ወግ የተከበረ እንግዳ የሚጠበቀው ከደጃፍ አልነበረም፤ ተቀባዩ ወጥቶ ይቀበለዋል፣ ክብሩም የሚለካው ተቀባዩ ከከተማው ምን ያህል ርቆ በመውጣቱ ነበር። የገና ጨዋታም ነበረ፦ መንደር ከመንደር ተከፍሎ በገና ዱላ እሩር ሲያሳድድ ይውልና ያሸነፈው ወገን እየዘፈነና የተሸነፈውን እያሽሟጠጠ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ አይቀጣም። ዛሬ የኳስ ደጋፊ በተጋጣሚው ላይ የሚያወርደው ሽሙጥና ከድል በኋላ እየዘፈነ የሚገባበት መንገድ ለዚህ አካባቢ ሰው እንግዳ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የቀረበው አብነት ግን ጥምቀት ነው። ታቦቱ ከመውጣቱ ቀናት በፊት የየሰፈሩ ወጣቶች ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ቲሸርት ያሳትማሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ። በዕለቱ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ያለፈበትን ከኋላ እየጠቀለሉ፣ ጥቅሉን ትከሻቸው ላይ አድርገው በሕዝቡ ጠርዝ ሮጠው ወደ ፊት ይደርሳሉ፣ እንደገናም ይዘረጉታል። የምንጣፉ ርዝመት ከመንገዱ ርዝመት በጣም ያንሳል፤ መንገዱን የሚሞላው ሩጫው ነው። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከበሮው ከኋላ ይደግፋል። በሙስሊሙ ዘንድም መውሊድና ዚያራ ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል። የወልድያ አካባቢ በሆነችው በየጁ የሚገኘው ዳና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሸኾቹ ትምህርት ስሙ የገነነ ማዕከል ሲሆን፣ ዘያሪው መንዙማ እየተቀበለ በቡድን በቡድን ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። በድምፅ ማጉያ የታገዘው የዛሬው የስታዲየም ዜማ አቀንቃኝና ተቀባይ ያለው፣ በጭብጨባ የሚሄድ፣ አንዱን ስንኝ ደጋግሞ የሚያሞቅ ነው። ማልያው፣ መዋጮውና የሰፈር ወጣት አደረጃጀቱም እዚያው የነበረ ነው። ኳስ ያመጣው አዲስ ምክንያት ብቻ ነው።

ለምን ይህ ሥርዓት እዚህ ጠነከረ ለሚል፣ መልሱ በመንገዱ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ወልድያ የመንገድ ከተማ ናት። አንዱ ወደ ደሴ፣ ሌላው በቆቦ ወደ አላማጣ፣ ሌላው በጋሸና ወደ ላሊበላና ደብረ ታቦር ይሄዳል። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል የሚመጣ ማንኛውም አውቶቡስ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን፣ ሲሪንቃን ሳይረግጥ ወልድያ አይገባም። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ረሃብ ከየመንደሩ የተፈናቀለው ገበሬ የቆመው በዚሁ አስፋልት ዳር ነበር፤ መኪና አስቁሞ እህል ይለምን ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ደርግ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 600 ሺህ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሠፈረ፤ ትልቁ ድርሻ የወሎ ሰው ነበር። ቀጥሎ የዐረብ አገር ዘመን መጣ። መርሳ ያለችበት ሀብሩ፣ ሰው በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ከሚሄድባቸው ወረዳዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠራ ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከመለሰቻቸው ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ውስጥም የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። መርሳ ላይ ማንጎና ብርቱካን የምትሸጥ እናት በየመስኮቱ የምታየው ፊት የሚሄድ ወይም የሚመለስ ሰው ፊት ነው። እንዲህ ያለ አካባቢ መሸኘትን በደንብ ያውቃል፤ ለመመለስ ግን ከለቅሶና ከሠርግ ሌላ መድረክ አልነበረውም። መሬቱ ለሌላ የተደለደለበት፣ ቤቱ የፈረሰበት ቤተሰብ «የዚህ ሰው ነኝ» የሚልበት ማስረጃ የለውም። በሰልፍ መሃል መሄድ ግን ማስረጃ አይጠየቅበትም።

«ወሎማ ቀድሞም አብሮ ነበር፤ ሙስሊሙ ጥምቀትን ያደምቃል፣ ክርስቲያኑ መስጊድ ሲሠራ ያዋጣል፣ ኳስ ምን ጨመረ?» የሚል ሊነሣ ይችላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ወሎም ይኮራበታል። ይሁን እንጂ በጥምቀት ሙስሊሙ አድማቂ ነው፣ በመውሊድም ክርስቲያኑ እንዲሁ። አንዱ ባለበዓል፣ ሌላው ባለንጀራ ሆነው ነው የሚገናኙት። በቡድኑ አጀብ ግን ሁለቱም እኩል ባለቤት ናቸው። እናቱ የየጁ ሙስሊም፣ አባቱ የአንጾኪያ ክርስቲያን የሆነ፣ ዕድሜውን አዲስ አበባ ያሳለፈ ልጅ (እንዲህ ያለ ቤተሰብ ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም) ግማሹን ማንነቱን ቤት ሳይተው የሚሰለፍበት ቦታ ያገኘው እዚህ ነው።

ይህ ሁሉ በግልጽ የታየው በከተማው ክለብ፣ በወልድያ ከነማ ነው። ክለቡ በ2007 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዓመቱ ወረደ፤ በ2008 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ እንደገና አልፎ ሁለት የውድድር ዘመን ቆየ። በመካከሉ፣ በጥር 2009 ዓ.ም.፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ። አባታቸው ከሐድረመውት የመጡ፣ እናታቸው የወሎ ሰው የሆኑት፣ ራሳቸውም ወልድያ ያደጉት ባለሀብቱ አል አሙዲ ወጪውን ሸፍነው ለከተማው የሰጡት ነው። «ይህማ የሀብታም ታይታ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውም ማልያ ገዝቶ ፎቶ ሊነሣ ነው» ለሚለው ወቀሳ የምሰጠው መልስ ታይታ የለም የሚል አይደለም። ታይታ አለ፤ በጥንቱ አቀባበልም ነበረ፣ ጠመንጃና የተሸለመ በቅሎ ለታይታ ነበር የሚወጣው። መታየት መፈለግ ግን መቆጠር ከመፈለግ አይለይም። ዐሥር ዓመት በሰው አገር ሰው ቤት የሠራ ሰው ያደገበት ጎዳና ላይ መታየት ቢፈልግ የሚነቀፍበት ምክንያት አይታየኝም። ወደ ውጭ የወጡት ኢትዮጵያውያንም ይህንኑ ናፍቀው ነው እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ በየክረምቱ የኳስ ውድድር የሚያዘጋጁት፤ አብዛኛው ሰው ከሌላ ግዛት ቤተሰቡን ይዞ የሚጓዘው ጎል ለማየት አይደለም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያ መቀሌ ከተማን ልታስተናግድ በነበረበት ዕለት በከተማው ግጭት ተነሣ፣ ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ፣ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 12 ቀን፣ የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት ያጅብ በነበረው ሕዝብ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ሰዎች ገደሉ፤ ቁጣው ወደ ቆቦና ወደ መርሳ ተሻግሮ ሌላ ሕይወት ጠፋ። ከዚህ ተነሥቶ የኳስ አጀብ የጠብ መፍለቂያ ነው የሚል አለ። በዘመኑ የነበረው የብሔር ውጥረት ማልያ ለብሶ ስታዲየም እንደገባ መካድ አይቻልም፤ በዚያ ቀን ከሌላ ከተማ የመጣ ደጋፊ እንግዳነቱ፣ ከተማው ውስጥ ሲኖር የኖረ የትግራይ ተወላጅም ጎረቤትነቱ ተረስቶ ተጠቅተዋል፤ ይህ ወልድያን የሚያሳፍር ነው። ነገር ግን በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱም አጀቦች፣ አዲሱም ጥንታዊውም፣ በደም መታጠባቸው የሚያሳየው መርዙ ከኳሱ አለመመንጨቱን ነው። ኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታቦቱ በተረፈ ነበር። ሰው በብዛት በሚወጣበት ቀን ሁሉ የአገሪቱ ሕመም አብሮ ይወጣል፤ ሰው እንዳይወጣ ማድረግ ደግሞ ሕመሙን አላዳነውም።

ወልድያ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከሊጉ ወረደች። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ያን የደሴ መንገድ ቤተሰብ ይዞ የማይደፈር አድርጎታል። አጀቡ እንዳይመለስ የሚያደርግ፣ ከጦርነቱ ውጭ ያለ፣ ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ምክንያትም አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በኮሮና ወረርሽኝና በቴሌቪዥን ስርጭት ምክንያት በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየዞረ የሚካሄድ ሆኗል። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ዋንጫውን ሲያነሣ አንድም የሊግ ጨዋታ ጎንደር ላይ አላደረገም፤ ጎንደር ያገኘችው ዋንጫው ሲገባ መቀበልን ብቻ ነው። ሊጉ ለምስሉ ጥራት፣ ለክለቡ ወጪና ለጸጥታ የሚያቀርበው ምክንያት አለው። በሒሳቡ ውስጥ ያልገባው ግን በሁለት ሳምንት አንዴ የሚደገመው አጀብ ነው፦ ልጁ ከአያቱ ጋር የሚሄድበት፣ ከጅዳ የተመለሰው የሰፈሩን ዜማ ዳግም የሚለማመድበት፣ የመርሳው ባጃጅ ነጂ እስከ ወልድያ ጥሩንባ እየነፋ የሚከተልበት። ክለቡ ነገ ወደ ላይኛው ሊግ ቢመለስ እንኳ ባለ25 ሺህ ወንበሩ ስታዲየም ባለበት ከተማ ላይጫወት ይችላል። ሊጉ ሥርዓቱን እንደገና በሚያይበት ጊዜ ሜዳ ላላቸው ከተሞች የተወሰኑ ጨዋታዎችን በሜዳቸው ቢመልስ፣ ወልድያ ለዝርዝሩ የምታቀርበው ስታዲየም ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ላይ የሚጠብቅ ሰውም አላት።